የእምቢተኞቹ ወረቀት የት ገባ?

አንደኛው የዓለም ጦርነት ካበቃ በኋላ የእንግሊዝ መንግሥት አንድ መመሪያ አወጣ። በጦርነቱ ጊዜ «አልዘምትም» ብለው ያመለከቱ ሰዎችን ጉዳይ ያዩ የነበሩት ችሎቶች መዝገብ ይወገድ የሚል ነበር። ለናሙና እንዲቀመጥ የተፈቀደው የሁለት አካባቢ መዝገብ ብቻ ነው። አንዱ ለንደን አጠገብ ያለው የሚድልሴክስ፣ ሌላው ስኮትላንድ ውስጥ የሎዚያንና ፒብልስ። አንዳንድ ቦታ ተረስቶ የተረፈም አልጠፋም። አብዛኛው ግን የለም። (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። እያንዳንዱ ላይ እ.ኤ.አ. ከምለጥፍ አንዴ ልናገርና እንገላገል።)

የጠፋው ቀላል ነገር አይደለም። በ1916 የወጣው የግዳጅ ውትድርና ሕግ «ኅሊናዬ መግደልን አይፈቅድም» ለሚል ሰው ጠባብ በር ትቶለት ነበር። በዚያ በር ለመግባት የሞከሩት 16,000 ያህል ናቸው ሲባል ኖረ። ሲረል ፒርስ የተባለ የታሪክ ተመራማሪ ብዙ ዓመት ወስዶ፣ ከጋዜጣውም ከእስር ቤት መዝገቡም እየለቀመ ስም በስም ሲቆጥራቸው ወደ 20,000 ተጠጉ። በሺዎች የሚቆጠር ሰው ከቁጥር ውጭ የኖረው ወረቀቱ ስለተጣለ ነው። የሚድልሴክሱ መዝገብ፣ ከ11,000 በላይ ጉዳዮችን የያዘው፣ በ2014 በኢንተርኔት ተለቀቀ። ማንበብ የጀመረ ሰው ግን መጀመሪያ የሚያገኘው የሰላም ሰባኪዎችን አይደለም። አብዛኛው አመልካች «ሱቄን ማን ይጠብቅልኝ?»፣ «እናቴን ማን ይጦርልኝ?» የሚል ነው። የኅሊና ሰዎች በመሃል በመሃል ብቅ ይላሉ።

የአንዳንዶቹ መዝገብ ግድግዳ ላይ ነው የቀረው። ሰሜን እንግሊዝ ውስጥ በሪችመንድ ግንብ እስር ቤት የታሰሩ እምቢተኞች በእርሳስ የጻፉትና የሣሉት ዛሬም ይታያል። ከነሱ 16ቱ በ1916 በግድ ፈረንሳይ ተወስደው ሞት ተፈረደባቸው፣ ፍርዱም ወዲያው ወደ 10 ዓመት ከባድ የጉልበት እስራት ተቀየረላቸው። በጠቅላላው እንዲህ ሞት ተፈርዶባቸው የተማሩት 35 ናቸው። የኖራ ቀለም ደግሞ እርጥበት ሲያገኘው ይረግፋል። ስለዚህ ያንን ግድግዳ ማቆየት ራሱን የቻለ የጥገና ሥራ ሆኗል።

«በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» እንላለን። ልክ ነው፣ ግን ወራሽ ሲኖር ነው። የተዋጋ ሰው ወረቀቱን መንግሥት ይጠብቅለታል። ሹመቱ ፋይል አለው፣ ሜዳሊያው ፋይል አለው፣ ጡረታው ፋይል አለው። በዚያው ጦርነት መሃል ዱቄት ሲሰፍርና ቁስል ሲያጥብ የነበረው ሰው ግን እንደዚህ ያለ ጠባቂ የለውም። የሱ ደብዳቤና ደብተር የሚተርፈው አንድ ግትር ዘመድ ወይም አንድ ግትር የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ሲገኝ ነው። ስለዚህ የሰላምና የእርዳታ ሰዎችን የግል ወረቀት የሚያሰባስቡ ተቋማትን ታሪክ ስናይ፣ ማን ምን ጻፈ ከሚለው ይልቅ ማን አልጥልም አለ የሚለውን ነው የምናነበው።

አሜሪካ ውስጥ ፊላደልፊያ አጠገብ ስዋርትሞር የሚባል ትንሽ ኮሌጅ አለ። የመሠረቱት ክዌከሮች ናቸው። ክዌከሮች ጦር መያዝን ሃይማኖታቸው የሚከለክላቸው ክርስቲያኖች ናቸው። በ1930 ጄን አዳምስ የሰላም ትግል ወረቀቶቿን ለዚህ ኮሌጅ ሰጠች። አዳምስ በቺካጎ ለድሃ ስደተኞች በሠራችው ሥራ አገር የሚያከብራት ሴት ነበረች። ጦርነቱን ስትቃወም ያ ሁሉ ክብር ተገፎ በየጋዜጣው ተሰደበች። በ1931 የኖቤል የሰላም ሽልማት ተሰጣት። ወረቀቶቿን የሰጠችው ከሽልማቱ በፊት መሆኑን ልብ በሉ። ያኔ የተቀበላት ተቋም የተቀበለው ዝነኛ ሰው ሳይሆን አወዛጋቢ ሰው ነው። ከዚያ በኋላ ሌሎቹ ተከተሉ። የ1946ቱ የኖቤል ተሸላሚ የኤሚሊ ግሪን ባልች ወረቀትም እዚያው ገባ። ዛሬ በዚህ ርእስ የሚሠራ ተመራማሪ ስዋርትሞርን ሳይነካ ማለፍ ይቸግረዋል።

እነዚህን ስብስቦች ከፍቶ የሚያይ ሰው ጦርነትን መቃወምና የተራበን ማብላት አንድ ሳጥን ውስጥ ተቀምጠው ያገኛል። እንዲሁ የመጣ ነገር አይደለም። አሜሪካ በ1917 ጦርነቱ ውስጥ ስትገባ ክዌከሮች አንድ የአገልግሎት ኮሚቴ አቋቋሙ። የማይዋጉ ልጆቻቸው በጠመንጃ ፋንታ የሚሠሩት ሥራ እንዲያገኙ ነው። ፈረንሳይ ሄደው ቤት ጠገኑ። ጦርነቱ ሲያልቅ የጠላት ልጆችን ለመመገብ ጀርመን ገቡ፣ ሥራው በተስፋፋ ጊዜ በቀን እስከ 1 ሚሊዮን ሕፃናት ይመገቡ ነበር። በ1947 የኖቤል ሽልማቱን ከእንግሊዝ አቻቸው ጋር ተካፈሉ።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ደግሞ 36 እምቢተኛ አሜሪካውያን ፈቅደው ተራቡ። ሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ አንሰል ኪስ የሚባል ሳይንቲስት ከጦርነት የሚተርፈውን ረሃብተኛ ሕዝብ እንዴት መመለስ እንደሚቻል ማወቅ ፈልጎ ነበር። ሰዎቹ ለስድስት ወር ያህል ምግባቸው ተቀንሶ ከክብደታቸው አንድ አራተኛውን አጡ። ስለ ምግብ ብቻ ሆነ የሚያልሙት። ኩርፊያ፣ ቁጣ፣ የምግብ መጽሐፍ መሰብሰብ የሚባል እንግዳ አመል ያዛቸው። የደም ልኬቱ ሳይንሳዊ መጽሐፍ ውስጥ አለ። ረሃብ የአንድን ሰው ጠባይ እንዴት እንደሚያበላሽ የተረዳነው ግን ሰዎቹ ራሳቸው ከጻፉትና ካወሩት ነው።

አሁን ወደ እኛ ቤት የሚያስገባውን ታሪክ ላንሳ። ሲልቪያ ፓንክረስት።

አዲስ አበባ ውስጥ በስሟ መንገድ አለ። አጽሟ በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ግቢ አርፏል። ብዙዎቻችን የምናውቃት «የኢትዮጵያ ወዳጅ» እየተባለች ነው። ከዚያ በፊት ግን ሌላ ረጅም ሕይወት አላት፣ ያ ሕይወት ደግሞ የጦርነት ተቃዋሚና የእርዳታ ሠራተኛ ሕይወት ነው። በ1914 ጦርነቱ ሲፈነዳ እናቷ ኤመሊንና እኅቷ ክሪስታቤል ለሴቶች የምርጫ መብት የሚያደርጉትን ትግል አቁመው ከጦርነቱ ጎን ተሰለፉ። ሲልቪያ እምቢ አለች። እናት ልጇን በአደባባይ እስከማውገዝ ደረሰች። ሲልቪያ በምሥራቅ ለንደን ድሆች ሠፈር በርካሽ የሚበላበት ምግብ ቤት፣ ሥራ ላጡ ሴቶች የአሻንጉሊት ፋብሪካ፣ ለሕፃናት ክሊኒክ ከፈተች። ክሊኒኩ የተከፈተበት ቤት ድሮ የመጠጥ ቤት ነበር፣ ስሙም ጠመንጃ ሠሪዎችን የሚያወድስ። ስሙን ለእናቶች አዛወረችው። ከዚህ ጎን ለጎን ጋዜጣ ታሳትማለች፣ ትከሰሳለች፣ ትታሰራለች።

1935 መጣ። ሙሶሊኒ ኢትዮጵያን ወረረ። ይቺው ጦርነት የማትወድ ሴት ማዕቀብ ይጣል፣ ኢትዮጵያ ትታገዝ፣ ፋሺዝም ይቁም ብላ ተነሳች። «ኒው ታይምስ ኤንድ ኢትዮፒያ ኒውስ» የተባለው ጋዜጣዋ የመጀመሪያ እትም የወጣው ግንቦት 5 ቀን 1936 ነው። የባዶሊዮ ጦር አዲስ አበባ የገባበት ቀን ማለት ነው፣ በእኛ አቆጣጠር ሚያዝያ 27። የራሷም የልደት ቀን ነበር። ጋዜጣው 20 ዓመት ቆየ። በዚያው በ1936 ዉድፎርድ በሚባለው ሠፈሯ አንድ እንግዳ ሐውልት ተመረቀ። ወደ ታች የተተከለ የድንጋይ ቦምብ ነው። ከአየር ላይ የሚጣልን ቦምብ ለመቃወም የቆመ ሲሆን፣ የመረቀው በለንደን የኢትዮጵያ ሌጋሲዮን ጸሐፊ ነበር። ሐውልቱ ዛሬም እዚያው አለ።

እንግዲህ ይቺ ሴት ጦርነት ተቃዋሚ ናት ወይስ አይደለችም? አንዳንዱ ተለዋወጠች ይላታል። እኔ አይመስለኝም። ግን የኔ አስተያየት እዚህ ላይ ብዙ ዋጋ የለውም፣ ምክንያቱም ወረቀቷ አለ። በ1914 ምን እንዳለች፣ በ1920 ለምን እንደታሰረች፣ በ1935 ለማን እንደጻፈች፣ ሐሳቧ የት ላይ እንደታጠፈና የት ላይ እንዳልታጠፈ ተከታትሎ ማየት ይቻላል። የሐውልት ጽሑፍ አንድ ሰውን አንድ ነገር ብቻ ያደርገዋል። ደብዳቤ ግን ሰውየው ዛሬ ያለውንና የዛሬ ዓመት ያፈረሰውን አንድ ላይ ያስቀምጣል።

ታዲያ ይህ ወረቀት የት ነው? ዋናው ክምችት አምስተርዳም ነው፣ ዓለም አቀፍ የማኅበራዊ ታሪክ ተቋም ውስጥ። ስለ ኢትዮጵያ የሚያወሳ ሌላ ክፍል ለንደን በብሪትሽ ላይብረሪ አለ። ሦስተኛም አለ፣ እሷ ያልጻፈችው። የእንግሊዝ የደኅንነት መሥሪያ ቤት ስለሷ የያዘው ፋይል ነው፣ አሁን በአገሪቱ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ለሕዝብ ክፍት ሆኗል። ከ1940ዎቹ ማብቂያ የመጣው ክፍል ባለሥልጣናቱ የኢትዮጵያን ጉዳይ እያነሳች በምትልከው ደብዳቤ ብዛት ምን ያህል እንደተሰላቹባት ያሳያል። የሷን ሳጥንና የነሱን ፋይል ጎን ለጎን ማንበብ የሚችል ሰው ታድሏል።

አምስተርዳም ለምን? ተቋሙ የተመሠረተው በ1935፣ አውሮፓ ውስጥ የተሳደዱ የግራ ፖለቲካ ሰዎች ወረቀታቸውን ይዘው በሚሸሹበት ጊዜ ነው። ሥራው ይኸው ነው፣ ሊቃጠል የደረሰን ወረቀት ማዳን። ነገሩ ሲታይ ወረቀት ዘመዱን ፈልጎ አይሄድም። መደርደሪያ፣ ገንዘብና ፍላጎት ወዳለበት ነው የሚሄደው። በአንደኛው ጦርነት ነርስ ሆና ያገለገለችውና በሁለተኛው ጦርነትን በይፋ የተቃወመችው ቬራ ብሪተን እንግሊዛዊት ናት፣ ወረቀቷ ግን ካናዳ ማክማስተር ዩኒቨርሲቲ ነው። በ1918 በጽሑፉ የታሰረው የፈላስፋው በርትራንድ ራስል ወረቀትም እዚያው ነው። ዩኒቨርሲቲው ገንዘብ አውጥቶ ገዛቸው። በቃ።

የሲልቪያ ልጅ ሪቻርድ ፓንክረስት ከእናቱ ጋር በ1956 አዲስ አበባ መጥቶ በ1963 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም የመጀመሪያው ዳይሬክተር ሆነ። ስድስት ኪሎ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ውስጥ ያለው ተቋም ማለቴ ነው። እናቱ ያረፈችው አዲስ አበባ፣ ደብዳቤዋ አምስተርዳም። ቁጭት ቢጤ አይጠፋውም። ግን እውነቱን እንነጋገር ከተባለ ሳጥኖቹ በ1970ዎቹ አዲስ አበባ ቢሆኑ ኖሮ የማን እጅ ይገቡ እንደነበር እርግጠኛ መሆን አይቻልም። በቀይ ሽብር ዘመን ሰው አሰሳ ሳይደርስበት የራሱን ፎቶና ደብዳቤ በምድጃ ያቃጠለበት አገር ነው።

ሌላ የእኛ ታሪክ ያለበት ከተማ ጄኔቫ ነው። ታኅሣሥ 30 ቀን 1935 የጣሊያን አውሮፕላኖች መልካ ዲዳ ላይ የነበረውን የስዊድን ቀይ መስቀል አምቡላንስ ደበደቡ። ብዙ ኢትዮጵያውያን ሕሙማን ሞቱ፣ አንድ ስዊድናዊም ሞተ። በቀጣዩ መጋቢት የዓለም አቀፉ ቀይ መስቀል ተወካይ ማርሴል ዡኖ ኮረም አጠገብ በመርዝ ጋዝ የተቃጠሉ ሰዎችን በዓይኑ አየ። የመንግሥታቱ ማኅበር ስለ ጋዙ መረጃ እንዲሰጠው ቀይ መስቀልን ጠየቀ። ድርጅቱ ገለልተኛ ነኝ ብሎ አልሰጠም። ሪፖርቱ ጄኔቫ መደርደሪያ ላይ ቁጭ ብሎ ነበር ማለት ነው። መዝገብ ቤቱ ለሕዝብ የተከፈተው በ1996 ነው፣ ስልሳ ዓመት ቆይቶ። ዡኖ ግን በ1947 ትዝታውን ሲያሳትም ያየውን አወራ። ከዛፎች ሥር የወደቁት ሰዎች «አቤት፣ አቤት» ይሉ እንደነበር ጽፏል። ስዊዛዊው ሐኪም ቃሏን እንደሰማት በራሷ በአማርኛዋ ነው ያስቀመጣት።

ለእኔ የግል ወረቀት ዋጋው እዚህ ላይ ነው። ድርጅት ዝም የሚልበት ምክንያት አለው፣ አንዳንዴም በቂ ምክንያት ነው። ከተናገረ ነገ አምቡላንሱ አያልፍም። ሠራተኛው ግን ማታ ድንኳኑ ውስጥ ለሚስቱ ይጽፋል። የድርጅቱ ሪፖርት «አቅርቦት ደርሷል» ሲል ደብዳቤው «ስንዴው ነቅዞ ነው የደረሰው» ይላል።

አሁን ጥያቄው በዚያ ጦርነትም ሆነ ከዚያ ወዲህ የኢትዮጵያውያኑ ወረቀት የት አለ የሚለው ነው። በወረራው ጊዜ በለንደን የኢትዮጵያ ሚኒስትር የነበሩት ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ማስታወሻ ደብተር ይጽፉ ነበር፣ ዛሬ የታሪክ ሰዎች ይጠቀሙበታል። እሳቸው ግን ዕድለኛ ናቸው። ከአስተርጓሚው፣ ከቁስል አጣቢው፣ ቃሬዛ ከተሸከመው ምን ተረፈ? የ1977 ዓ.ም. ድርቅም እንዲሁ ነው። (ይቺን እንኳ በእኛው አቆጣጠር ልተዋት።) የኦክስፋም መዝገብ ኦክስፎርድ ቦድሊያን ቤተ መጻሕፍት ገብቷል። የሴቭ ዘ ችልድረን በርሚንግሃም ዩኒቨርሲቲ ነው። የውጭ አገሩ በጎ ፈቃደኛ ለእናቱ የጻፈው ደብዳቤ አሲድ በሌለው ካርቶን ተቀምጦ፣ በሙቀት መቆጣጠሪያ ታጅቦ፣ የመለያ ቁጥር ተሰጥቶት ይኖራል። በዚያው መጠለያ እህል ያከፋፈለው የመጋዘን ሠራተኛ ደብተር ደግሞ ባለቤቱ ሲሞት ለቆራሌው ይሰጣል። ወይም ሱቅ ገብቶ የበርበሬ መጠቅለያ ይሆናል። ነገ ስለዚያ ዘመን የሚጻፈው መጽሐፍ ዋና ገጸ ባሕርይ ማን እንደሚሆን ለመገመት ነቢይ መሆን አያስፈልግም።

የሰሞኑ ጦርነታችን ደግሞ ወረቀትም የለው። በ2020 ጀምሮ በኅዳር 2022 በፕሪቶሪያው ስምምነት ያበቃውን የሰሜኑን ጦርነት ማለቴ ነው። ስልክና ኢንተርኔት ተቋርጦ በነበረበት አካባቢ የሠሩ ነርሶች በእጃቸው የጻፉት ደብተር ካለ ወርቅ ነው። ሌላው ቴሌግራም ነው፣ ዋትስአፕ ነው፣ የስልክ ፎቶ ነው። ስልኩ ሲሰበር አለቀ። ስልኩ ሲሸጥ «ፎርማት አርግልኝ» ይባላል፣ ያኔም አለቀ። በየወገኑ የተዋጋው አካል የራሱን ፊልምና ሰነድ እንደሚያስቀምጥ እርግጠኛ ነኝ። «ይቅር፣ እንነጋገር» ብለው ከሁሉም ወገን ስድብ የጠጡ ሽማግሌዎች፣ ቀሳውስት፣ ጋዜጠኞችና ወጣቶች የጻፉትን ግን ማን ያስቀምጠዋል? ዲሲም ለንደንም ብዙ አሉ። እርዳታ ሲያሰባስቡ የተላላኩት ኢሜይል፣ የዙም ስብሰባ ማስታወሻ፣ የገንዘብ ደረሰኝ አላቸው። እነሱ ራሳቸው ይህን «ታሪክ» ብለው አይጠሩትም።

ሆኖም ሁሉንም እንሰብስብ ማለት አደገኛ ነው። የእርዳታ ወረቀት ከሌላ ወረቀት የሚለየው የሌላ ሰው ስም ስላለበት ነው። የስንዴ ተቀባዮች ዝርዝር፣ የተደፈረች ሴት የሕክምና ካርድ፣ ማን ማንን ደበቀ የሚል ማስታወሻ። ይህ የተሳሳተ እጅ ከገባ ሰው ያስገድላል። ሥራው ለራሱ ለሠራተኛውም ቢሆን ምን ያህል እንደሚያሰጋ አይተናል፣ በሰኔ 2021 ትግራይ ውስጥ የድንበር የለሽ ሐኪሞች ሦስት ባልደረቦች መንገድ ላይ ተገድለዋል። ስለዚህ እንደኔ እንደኔ አንዳንዱ ዝርዝር መቃጠል አለበት። የአንድ ቀበሌ ተረጂዎች ስልክ ቁጥርና የጣት አሻራ የታሪክ ሰነድ ነው ብሎ ማስቀመጥ ሞኝነት ነው። ቁጥሩ ይበቃል።

የቀረውን በጊዜ መዝጋት ይቻላል። ደህና ቤተ መዛግብት ከሰጪው ጋር ውል ይፈራረማል። ይህ ሳጥን ለ30 ዓመት አይከፈት፣ ያኛው ልጆቼ ካልፈቀዱ አይነበብ፣ ይባላል። የአሜሪካ ክዌከሮች ኮሚቴ ናዚን ሸሽተው የመጡ ስደተኞችን ሲረዳ የከፈታቸው በሺዎች የሚቆጠሩ የግል ፋይሎች ዛሬ ዋሽንግተን በሚገኘው የሆሎኮስት ሙዚየም በኩል ይገኛሉ። የልጅ ልጆች የአያቶቻቸውን የማመልከቻ ደብዳቤ ያነቡበታል። ያኔ ቢለቀቅ ኖሮ አውሮፓ የቀሩ ዘመዶችን ያስጨርስ ነበር። ያኔ ቢቃጠል ደግሞ ዛሬ ምንም አይኖርም ነበር። ዝም ብሎ መቆየቱ ነው የጠቀመው።

እኛ አገር ቦታው የለም ለማለት አይደለም። ስድስት ኪሎ ያለው ተቋም አለ፣ ወመዘክር አለ። ሁለቱም የግል ወረቀት ተቀብለው ያውቃሉ። የሚከብደው መተማመኑ ነው። ደብተሯን የያዘች ነርስ «ለመንግሥት ተቋም ሰጥቼ ነገ ማን ያነበዋል?» ብትል አልፈርድባትም። ወረቀታችን አምስተርዳም የሚሄደው በመደርደሪያ እጦት ብቻ አይደለም፣ በዚህም ጭምር ነው። አንዱ መላ ዋናውን እዚህ፣ ቅጂውን ውጭ ማስቀመጥ ነው፣ ማንም ብቻውን እንዳያጠፋው። ሁለተኛው የርክክብ ቅጽ ላይ ነገሩን በግልጽ አስፍሮ መፈራረም ነው። ከሁለት ገጽ አያልፍም፦ ማን ሰጠ፣ ምን ሰጠ፣ ለስንት ዓመት ይዘጋ፣ ቅጂው የት ይቀመጥ፣ ውስጡ ስማቸው ያለባቸው ሰዎች መጥተው «ስሜን አውጡልኝ» ቢሉ ማን ይወስን። እስከ አራተኛው ድረስ በግማሽ ሰዓት ይሞላል። አምስተኛው ላይ ግን ጄኔቫም ፊላደልፊያም ገና ይከራከራሉ።